ያለ እንቁላል ኬክ፣ ያለ ከበሮ ዜማ



በዚህ ሳምንት ወደ አዲስ አበባ ይዘናችሁ እንሄዳለን። የምናሳያችሁ ፎቅና አስፋልት አይደለም። ከተማዋ በጾም ወራት ምን እንደምትበላና ምን እንደምትሰማ ነው። ስለ ጾም ለእናንተ ማስተማር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ጾም በከተማ እንዴት እንደሚጣፍጥ ግን ብዙዎቻችሁ አላያችሁም።

የሄድነው በ2017 ዓ.ም. ነው። አራት ተማሪዎች ነበርን። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የገባው የካቲት 17 ቀን ነበር። ከአምስት ቀን በኋላ ደግሞ ረመዳን ያዘ። ስለዚህ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ሰሞን ጾመ። ክርስቲያኑ 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል ይርቃል። ሙስሊሙ ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ እህል ውሃ አይቀምስም። ታዲያ በእንዲህ ያለ ወቅት ከተማ ምን ጣፋጭ ይኖረዋል? ምንስ ዘፈን ይሰማል? ይህን ጥያቄ ይዘን ነው የዞርነው።

የጾም ኬክ

መጀመሪያ የሄድነው አራት ኪሎ ነው። ከአንድ ኬክ ቤት መስታወት ላይ በትልልቅ ፊደል «የጾም ኬክ አለ» የሚል ተለጥፏል። ገባን።

ኬክ ምን እንደሆነ ለማያውቅ እንንገር። ኬክ ለስላሳ ጣፋጭ ዳቦ ነው። ድሮ በአገራችን አልነበረም። ጣሊያኖች አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በያዙ ጊዜ አንዳንድ ምግባቸውን ትተውልን ሄደዋል። ማኪያቶና ቦምቦሊኖ የሚሉት ቃላት የጣሊያን ናቸው። ማኪያቶ ወተት የነካ ቡና ነው። ቦምቦሊኖ በዘይት የተጠበሰ ክብ ሊጥ ነው። ኬኩ፣ ክሬሙ፣ ማኪያቶው ሁሉ እንቁላል ወይም ቅቤ ወይም ወተት ይፈልጋል። የእኛ ሰው ደግሞ ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በዓመት ከ180 ቀን በላይ የሚጾም ሰው ነው። ከዓመቱ እኩሌታ ማለት ነው! ኬክ ቤቱ ከዓመቱ እኩሌታ ተዘግቶ ሊከርም? ስለዚህ ባለሙያዎቻችን ዘዴ ፈለጉ።

ጋጋሪዋ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። «እትዬ፣ ያለ እንቁላል እንዴት ይነሳልዎታል?» አልናቸው።

እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉና ሳቁ። «ልጆቼ፣ እንቁላል ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው። ዱቄቱን ያያይዛል፤ ሊጡን ያነሳል። እነዚህን ሁለት ሥራዎች ሌላ ከሠራልህ እንቁላሉን ምን ታደርገዋለህ?» አሉን።

የሚያነሳው ቤኪንግ ፓውደር የሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ይህ ዱቄት ውሃና ሙቀት ሲያገኝ አየር ያወጣል። አየሩ በሊጡ ውስጥ ይነፋና ኬኩን ያሳብጠዋል። የእንጀራ ዓይን ከምን እንደሚመጣ ታውቁ የለም? እርሾው አየር አውጥቶ ነው። ነገሩ አንድ ነው። በወተት ፈንታ ውሃ ወይም የብርቱካን ጭማቂ ይገባል። በቅቤ ፈንታ ዘይት። ለሽታ የብርቱካን ልጣጭ፣ ቀረፋ፣ ሄል።

ቀመስን። እውነቱን እንናገርና ክሬም እንዳለበት ኬክ አይሟሟም። ግን የብርቱካኑ ሽታ ከአፍ አይጠፋም። ሁለተኛ አዘዝን።

«ዘይቱስ የምን ነው?» አልናቸው።

«የፓልም። ከውጭ የሚመጣ» አሉ። ቀጠሉና፣ «የኑግ ባገኝ ደስ ባለኝ። ውድ ነው፤ እንደልብም አይገኝም» አሉን።

እዚህ ላይ ዝም አልን። ኑግ ማን ነው የሚያመርተው? እናንተ ናችሁ። አገራችን ሰሊጥ ለውጭ ገበያ በብዛት ከሚሸጡት አገሮች አንዷ ናት። ለምግብ የምንጠቀመውን ዘይት ግን አብዛኛውን ከውጭ ገዝተን እናመጣለን። ፍሬውን በጥሬው እንሸጣለን፤ የተጨመቀውን ዘይት እንገዛለን። በመካከል ያለው ትርፍ የጨማቂው ነው። ኑጋችሁን ወይም ሱፋችሁን ለነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት በወረዳችሁ የዘይት መጭመቂያ እንዳለ ጠይቁ። ተደራጅቶ አስጨምቆ መሸጥ ያዋጣ እንደሆነ በማኅበራችሁ ተመካከሩበት። ከተማው ዘይቱን እንደሚፈልግ በጆሯችን ሰምተናል።

ላሟ ከመሬት ውስጥ

«ላም አለኝ በሰማይ» ሲባል ሰምታችኋል። በከተማው ያገኘናት ላም ግን ከሰማይ አይደለችም። ከመሬት ውስጥ ናት። ለውዝ ነው፤ ኦቾሎኒም ይሉታል። ፍሬው እንደ ድንች ከአፈር ውስጥ ይቆፈራል። በምሥራቅ ሐረርጌ ባቢሌ በለውዝ የታወቀ አገር ነው።

በጾም ጊዜ ሻይ ቤቶቹ ለውዝን ፈጭተው በሙቅ ውሃ ይበጠብጡታል። ስኳር ይጨምሩበታል። መልኩ ወተት ይመስላል፤ ሲጠጣም ወፍራም ነው። «የለውዝ ሻይ» ይሉታል። አንድ ብርጭቆ የጠጣ ሰው ቶሎ አይርበውም።

ይህን በቤታችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ። ለውዙን በምጣድ ቁሉት። እንዳያር አማስሉ። ሲበርድ በእጃችሁ እሹትና ቀዩን ገለባ አንፍሱት። በሙቀጫ ውቀጡት ወይም በወፍጮ ድንጋይ ፍጩት፤ እየቆየ ዘይቱ ይወጣና እንደ ሊጥ ይሆናል። ከዚያ ሁለት ማንኪያ ለአንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ። ጨርሶ እስኪዋሐድ አማስሉ። ስኳር እንደወደዳችሁ።

አንድ ነገር ግን አደራ! የሻገተ ለውዝ አትብሉ፤ ለልጆችም አትስጡ። ሻጋታው ጉበት የሚጎዳ መርዝ አለው። ብትቆሉትም ብታፈሉትም መርዙ አይጠፋም። ስለዚህ ለውዙን ከቆፈራችሁ በኋላ በፀሐይ በደንብ አድርቁት። እርጥበት በሌለበት ቦታ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የሻገተውን፣ የተጨማደደውንና መልኩ የተለወጠውን ፍሬ ለቅማችሁ ጣሉት።

ሌላው የከተማው የጾም ጣፋጭ ስፕሪስ ነው። ማንጎ፣ አቮካዶና ፓፓያ ለየብቻ ይፈጭና በአንድ ብርጭቆ ተደራርቦ ይቀርባል። ሦስቱ ቀለም ሳይቀላቀል ይቆማል። ማንጎውና ሙዙ ከአርባ ምንጭ በኩል ይመጣል። በዚህ ላይ ሎሚ ይጨመቅበታል። ስኳር ባይጨመርም ይጣፍጣል።

መርካቶ ከመግሪብ በፊት

ወደ ማታ በታክሲ መርካቶ ወረድን። ፀሐይ ልትጠልቅ ትንሽ ቀርቷታል። በአንዋር መስጊድ አካባቢ መንገዱ ዳር ትልልቅ መጥበሻ ተጥዷል። ሰው ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ይገዛል። ተምር አለ። ሳምቡሳ አለ። ሙሽበክም አለ።

ሙሽበክ ቀጭን ሊጥ ነው። ሻጩ ሊጡን በቀዳዳ ዕቃ ይዞ በፈላው ዘይት ላይ እያዞረ ያፈሰዋል። ሊጡ እንደ መረብ ተጠላልፎ ይጠበሳል። ስሙም ዐረብኛ ሲሆን መረብ የመሰለ ማለት ነው። ከዘይቱ እንደወጣ በስኳር ውሃ ውስጥ ይነከራል። ሲነክሱት ይንኮሻኮሻል፤ ከውስጡ ጣፋጩ ይፈስሳል።

ከእኛ መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም ነበር። ክርስቲያኑ ጓደኛችን፣ «ወንድም፣ ቅቤ ወይም እንቁላል አለበት?» ብሎ ጠየቀ።

«የለበትም፤ ዱቄት፣ እርሾና ስኳር ነው። ብላ፣ የሁላችንም ጾም ነው!» አለው ሻጩ።

አንዱ ገዝቶ ያዘ እንጂ ወዲያው አልበላም። ሙስሊሙ ጓደኛችን አዛን እስኪል ጠበቅነው። አዛኑ ሲሰማ ሻጩም መጥበሻውን ትቶ በተምር አፈጠረ። ሁላችንም ቆመን አብረን በላን።

የተሰቀለው ማሲንቆ

አሁን ወደ ዜማው እንምጣ። በሌላ ጊዜ ከተማው ማታ ማታ ይጨፍራል። አዝማሪ በማሲንቆ ይጫወታል፤ ግጥም የሚሰጠው ሰው አያጣም። በሁዳዴ ግን ብዙ አዝማሪ ቤት ጭር ይላል። ማሲንቆው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ፋሲካን ይጠብቃል። በቤተ ክርስቲያንም እንዲሁ ነው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጽናጽሉ ይቀመጣል። ካህናቱ በመቋሚያ ብቻ ይዘምማሉ።

ታዲያ ዝምታ ብቻ ነው? አይደለም። ይህ ወቅት የበገና ነው።

በአንድ አዳራሽ የበገና ተማሪዎች የሚደረድሩበት ምሽት እንዳለ ሰምተን ሄድን። አዳራሹ ሞልቷል። ከአጠገባችን ከመርሐቤቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ የመጡ አንድ ገበሬ ተቀምጠዋል። ስድስት ወጣቶች ነጭ ለብሰው ወጡ። ሁለቱ ሴቶች ናቸው። ቁመቱ ተቀምጦ የሚደረድረውን ሰው የሚበልጥ በገና በየፊታቸው አቆሙ።

መምህሩ በመጀመሪያ ዕቃውን አሳዩን። ከታች ያለው ከእንጨት ተፈልፍሎ በከብት ቆዳ የተለበጠ ነው። ከእሱ ሁለት ምሰሶ ይወጣል። በሁለቱ ምሰሶ ላይ የተጋደመው እንጨት ቀንበር ይባላል። አውታሩ 10 ነው። አባቶች 10ሩን ከዐሥርቱ ትእዛዛት ጋር ያመሳስሉታል። በገናው የንጉሥ ዳዊት ነው የሚል ትውፊትም አለ።

«አውታሩ ከምን ይሠራል?» አሉ ገበሬው ከተቀመጡበት።

«ከበግ አንጀት ነው አባቴ። ተጸድቶ፣ ተገምዶ፣ ደርቆ» አሉ መምህሩ።

«እኛ ለውሻ የምንጥለው!» አሉ ገበሬው። አዳራሹ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ ድርደራው ጀመረ። የበገና ድምፅ እንደ ክራር አይደለም። ወፍራም ነው፤ ይርገበገባል። ማታ ጆሮን ከቀፎ አጠገብ ቢያስጠጉ የሚሰማውን የንብ ድምፅ ይመስላል። ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለ። አውታሮቹ በርኩማ በሚባል እንጨት ላይ ያርፋሉ። በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። አውታሩ ሲመታ ቆዳዋን እየነካ ይንቀጠቀጣል። ድምፁ የሚያንዘው በዚያች ቆዳ ነው። እሷን አውጣትና በገናው ድምፁን ያጣል።

ደርዳሪው ዜማውን የሚያሰማው ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ነገሩም ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነት፣ ስለ ፈጣሪ ምሕረት ነው። የሚጨፍርለት የለም። ሰው አንገቱን ደፍቶ ራሱን ይጠይቃል። አንዷ ልጅ ስትደረድር አንዲት እናት በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየን።

ይህ ዜማ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። በ1960ዎቹ አለሙ አጋ የተባሉት ዝነኛ በገና ደርዳሪ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። እሳቸውም በልጅነታቸው የተማሩት ከአንድ አለቃ እግር ሥር ተቀምጠው ነው። በደርግ ዘመን የበገናው ትምህርት ተቋረጠ። የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ሄዱ። በገናን ያቆዩት በየቤታቸው የያዙትና በኋላ ለልጆች ያስተማሩት ጥቂቶች ናቸው። ዛሬ በአዲስ አበባ ብዙ ወጣት ይማረዋል። ትምህርቱ አንድ ትውልድ ሙሉ ቢዘለል ኖሮ ግን እንጨቱና ቆዳው ቢገኝም የሚቃኘው ሰው አይገኝም ነበር።

ሲያበቃ ገበሬው መምህሩን ጠጋ ብለው፣ «በእኛ አገር አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በሁዳዴ ማታ ማታ ይደረድሩ ነበር። ሲሞቱ በገናው ቆጥ ላይ ቀረ» አሏቸው።

«ዛሬም አለ?» አሉ መምህሩ።

«ይኖራል። አውታሩን አይጥ በልቶት ይሆናል እንጂ።»

«አውታሩማ ከበግ ይገኛል አባቴ። ሳይሰበር አውርዱት። ልጅዎን ይላኩልኝ፤ አስተምረዋለሁ» አሏቸው። ገበሬው ራሳቸውን ነቀነቁ።

አንባብያን ሆይ! በከተማው ያየነው ይህ ነው። ሰው እንቁላሉን ሲተው የብርቱካን ልጣጭና ለውዝ ተካ። ከበሮውን ሲያስቀምጥ በገና አነሳ። የተካውም ሁሉ ከገጠር የወጣ ነው፤ ፍሬው፣ ቆዳው፣ አንጀቱ። ከተማው የጨመረበት ሙያን ነው።

እስቲ እናንተም በቀበሌያችሁ ጠይቁ። በየቆጡ የተረሳ በገና አለ? የሚደረድር ሽማግሌ አለ? ካለ ዘንድሮ በጾሙ ማታ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚሉትን ስሙ፤ ፈቃዳቸውን ጠይቃችሁ ቃሉን በደብተር ጻፉት። ስትሄዱም ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። አንድ ብርጭቆ የለውዝ ሻይ ይዛችሁ ሂዱ።