አብራም በካልካታ

ካልካታ ድረስ ሄዶ መቃብር የሚጎበኝ ሰው ጤነኛ ነው ወይ ትሉን ይሆናል። እኛ ግን ከዚያ ሁሉ ከተማ ልባችን የቀረው ፓርክ ስትሪት ዳር ካለው አሮጌ መካነ መቃብር ነው። እንግሊዞቹ እ.ኤ.አ. በ1767 የከፈቱት ነው። ያኔ የከተማው ዳርቻ ነበር፤ መንገዱም የሚጠራው በመቃብሩ ስም ነበር። ዛሬ ከተማው ውጦታል። ከአጥሩ ወዲያ የመኪና ጥሩምባ፣ ከአጥሩ ወዲህ ዛፍ፣ ጥላና ሽበት ያወጣ ድንጋይ።

መቃብሮቹማ መቃብር አይመስሉም። ፒራሚዱ፣ ጉልላቱ፣ ዓምዱ! ሥራቸው የተኙት ግን ብዙዎቹ በአፍላነታቸው የተቀጠፉ ናቸው። ሮዝ አይልመር በ20 ዓመቷ፣ ገጣሚው ዴሮዚዮ በ22 ዓመቱ (እሱን ኮሌራ ነው የወሰደው)። የአገሬውን ባህል ከመውደዱ የተነሣ "ሂንዱ ስቱዋርት" የተባለው ጄኔራል ደግሞ የሂንዱ ቤተ መቅደስ በሚመስል መቃብር ተኝቷል። እሱን ወደድነው።

ከሁሉም የሚረዝመው ሐውልት የሰር ዊልያም ጆንስ ነው። ዳኛ ነበር፤ ሳንስክሪት፣ ግሪክና ላቲን ከአንድ ምንጭ ሳይቀዱ አልቀሩም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1786 የተናገረው እሱ ነው። በ1794 በ47 ዓመቱ ሞተ። እኛን እዚያ ሐውልት ሥር ያቆመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ጆንስ ካልካታ ውስጥ አንድ ሐበሻ እንዳለ ሰምቶ አስጠራው። አብራም ይለዋል፤ ያው የእኛው አብርሃም መሆን አለበት። በዓረብኛ እያወሩ ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠየቀው። የነገረውንም ጽፎ፣ ራሱ ያቋቋመው የእስያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1788 ባወጣው የመጀመሪያ ቅጽ አሳተመው። አስቡት እንግዲህ፤ ጄምስ ብሩስ የጎንደርና የዓባይ ጉዞውን መጽሐፍ አድርጎ ያወጣው በ1790 ነው። አብራም ቀድሞታል!

ለጠያቂው ያ ሁሉ ድንጋይ ቆመለት። ለተጠያቂው በታተመው ጽሑፍ ርዕስ ላይ ስሙ ተረፈለት፤ ለዚያውም የአባቱ ስም ሳይኖርበት። እኛ ደግሞ አባት የሌለው ስም ሲጠራ ደስ አይለንም።

አንዷ ጓደኛችን አበባ ገዝታ ነበር። ጆንስ ሥር ልታኖረው ስትል ሌላው "ለጠየቀው ነው ለመለሰው?" ብሎ ጠመዳት። እዚያው ሙታን መሀል ተጨቃጨቅን። ጆንስ ባይጽፈው አብራምን ማን ያውቀው ነበር አለች፤ አብራም ባይነግረው ምን ይጽፍ ነበር አላት። አበባው በመጨረሻ "የሁለቱም ነው" ተብሎ ሐውልቱ ሥር ተቀመጠ። ከዚያ ያንኑ መንገድ ይዘን በእግራችን ወደ ቁጥር 1 ወረድን፤ ማኅበሩ ዛሬም እዚያው ነው። ጓደኛችን ግን እስኪደርስ ድረስ እንዳኮረፈ ነበር።