ጥግ የተቀመጡት እናት

ዛሬ ስለ አንድ ደስ የሚል የመጽሐፍ ታሪክ እናጫውታችሁ። ስለ መጽሐፉ ስናወራ የራሳችንንም ጥፋት መናገራችን አይቀርም።

እኛ አስተማሪዎቹ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚያወጣው መንገድ ባለች አንዲት መንደር ማታ ማታ ፊደል እናስቆጥራለን። ቀን እርሻ አለ፤ ሽመና አለ፤ ገበያ አለ። ትምህርቱ የሚጀመረው ከብት ከገባ በኋላ ነው። ሲያልቅ ተማሪዎቻችን «እስቲ ደግሞ ጨዋታ» ይሉናል። ስለዚህ የወንጀል ምርመራ ታሪክ መንገር ጀመርን። አማርኛው ለከበዳቸው አንድ ጎልማሳ ተማሪ በጋሞኛ ያስረዳልናል።

ታሪኩን የጻፈችው አጋታ ክሪስቲ የምትባል እንግሊዛዊት ናት። ወንጀሉን የሚያወጡት ደግሞ ሚስ ማርፕል ይባላሉ። ፖሊስ አይደሉም። ዳኛም አይደሉም። ባል ያላገቡ፣ በትንሽ መንደር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። አትክልታቸውን ይኮተኩታሉ፤ ቁጭ ሲሉ ሹራብ ይሠራሉ። ግን ያያሉ፤ ይሰማሉ፤ አይረሱም። አንድ ወንጀል ሲሰሙ በመንደራቸው የሚያውቁትን ሰው ጠባይ ያስታውሳሉ። ከዚያ ተነስተው ጥፋተኛውን ያገኙታል። ታሪካቸው መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1927 ነው። ከዚያ በኋላ ደራሲዋ ስለ እሳቸው 12 ረጃጅም ልብ ወለዶች ጽፋለች።

የመጀመሪያው ታሪክ እንዲህ ነው። ሰዎች ማታ ተሰብስበው በየተራ የወንጀል ታሪክ ሊናገሩ ተስማሙ። አንዱ ይናገራል፤ ሌላው መልሱን ይፈልጋል። አንዷ ስንት እንደሆኑ ስትቆጥር አምስት አለች። ሹራብ የሚሠሩትን አሮጊት ረስታቸዋለች። ስድስተኛዋ እሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ታሪኩ ተነገረ። አንዲት ሴት በመርዝ ሞታለች። ባሏ ደብዳቤ ጽፎ ቀለሙን ባደረቀበት ወረቀት ላይ «መቶዎችና ሺዎች» የሚል ቃል ታትሞ ቀርቷል። ሰሚዎቹ ሁሉ ስለ ገንዘብ የተጻፈ መሰላቸው። ሚስ ማርፕል ግን የጓዳውን ነገር ያውቃሉ። በአገራቸው በጣፋጭ ምግብ ላይ የሚነሰነስ ጥቃቅን ባለ ቀለም ስኳር አለ። ስሙ «መቶዎችና ሺዎች» ነው። መርዙ የተደረገው እሱ ውስጥ ነበር!

ይህን ስንናገር እማማ ከጥግ ሳቁ። እማማ በዕድሜ የክፍላችን ትልቅ ናቸው። እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። በ1971 ዓ.ም. ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ ታቅፈው ስለነበር ሳይማሩ ቀሩ። እውነቱን እንናገር፤ እኛ ለጨዋታው እንጂ ለትምህርቱ የሚመጡ አይመስለንም ነበር። ጥያቄ ስንጠይቅ እሳቸውን እናልፋቸው ነበር።

አንድ ማታ የመብራት መዋጮ ቆጠርን። በመዝገቡ 620 ብር አለ። በሳጥኑ ያለው ግን 570 ብር ነው። 50 ብር ጎደለ። ሳጥኑ የሚያድረው በአንድ ወጣት ተማሪ ቤት ነው። ልጁ ድሃ ነው። በአፋችን ሌባ አላልነውም፤ በዓይናችን ግን ብለነዋል። እርስ በርሳችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ተባባልን። በማግስቱ ልጁ ትምህርት ቀረ። በሦስተኛውም ቀን ቀረ። በመንደሩ ሹክሹክታ ተጀመረ። በጋሞ ምድር ከባድ ነገር በዱቡሻ ነው የሚታየው። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ሰው በተራ ይናገራል፤ ይደመጣል። እኛ ግን ልጁን ሳንሰማ ፈረድንበት።

እማማ ይህን ሲሰሙ «እስቲ መዝገቡን ስጡኝ» አሉ። እንዝርታቸውን አስቀመጡ። ጣታቸውን ከስም ወደ ስም እያስኬዱ፣ ፊደል በፊደል ማንበብ ጀመሩ። እኛ ሰዓት እናያለን። በመሀል ጣታቸው ቆመ። ወደ ላይ ተመለሰ።

«ልጆቼ፣ ይሄ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ እንዴ? ያን ቀን ከገበያ አብረን ነው የመጣነው። 50 ብር ሲሰጣችሁ አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ነው የሰጠው።»

አየነው። እውነትም አንድ ስም ሁለት ቦታ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኛ ነው። የጠፋ ብር የለም። ያጠፋነው እኛ ነን።

«መጠርጠርስ ደግ ነው» አሉ እማማ። «መጀመሪያ ግን የገዛ እጅን ነው።»

ያኔውኑ ልጁ ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። እናቱ ቡና አፈሉልን። ልጁ ግን ቡናው እስኪያልቅ አላናገረንም። በክፍሉ ፊትም ጥፋታችንን ተናገርን። አሁን ልጁ ተመልሶ ይማራል። ሳጥኑን ግን ዳግመኛ አልወስድም ብሏል። አንፈርድበትም።

የሚስ ማርፕልን ታሪክ የምንወደው ለምን እንደሆነ አሁን ገብቶናል። በመጨረሻ እውነቱ ይወጣል፤ ያላጠፋ ሰውም ነፃ ይሆናል። እውነቱን የሚያወጡትም ማንም ያልቆጠራቸው ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ እኛም ተማሪ ስንቆጥር ከጥጉ እንጀምራለን።

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ አርጅቻለሁ ብላችሁ ትምህርቱን አትተዉ። ሰውን ማወቅ ድሮም አላችሁ። ፊደል ጨምሩበት። የግብር ደረሰኛችሁን፣ የመሬት ደብተራችሁን፣ የመዋጮ ዝርዝራችሁን በዓይናችሁ አንብቡ። አስተማሪ የጻፈውንም ቢሆን አንብቡ።