ሙቅ ውሃ ለእናቴ፦ ከአንበሳሜ እስከ ደብረ ታቦር

በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. እናቴን ከአንበሳሜ ወደ ደብረ ታቦር ለማድረስ ስነሳ ከመኪናው ኋላ አንድ ካርቶን ጭኜ ነበር። ውስጡ ያለው ከአዲስ አበባ የገዛሁት የሻወር ማሞቂያ ነው፤ ትልቅነቱ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ቢያክል ነው። ታንከር የለውም፣ ውሃው በውስጡ እያለፈ ሳለ ያሞቀዋል። ሻጩ «ሲከፍቱት ይሞቃል፣ ሲዘጉት ይጠፋል» ብሎ አሞግሶልኝ ስለነበር እኔም ለእናቴ ትልቅ ነገር የያዝኩ መስሎኝ ተዝናንቼ ነበር።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እናቴ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። ደብረ ታቦር የምታስተምረው እህቴ ሆስፒታል እንዲቀርባት ብላ ከእሷ ጋር እንድትኖር ከለመነቻት ቆይታለች። ባለፈው ዓመት ለሙከራ አንድ ወር ብትቀመጥ፣ በሦስተኛው ሳምንት የፈላ ውሃ በድስት ከማድቤት ወደ መታጠቢያው ስትወስድ አዳለጣትና እግሯ ላይ ፈሰሰ። የእህቴ የአራት ዓመት ልጅ ከኋላዋ እየተከተላት ነበር። እሱን ምንም አልነካውም። ከዚያ ወዲህ ግን እህቴ «ማሞቂያ ሳይገባ እማዬ እዚህ አትመጣም» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲት ሲደርሱ ወደ ምሥራቅ በሚታጠፈው የእስቴ መንገድ ይገባል። ለእኔ አንበሳሜ ማለት የእናቴ ግቢ ነው፤ ከበሩ ጌሾ፣ ከአጥሩ ባሕር ዛፍ፣ ጠዋት ጠዋት ከጣራው ላይ የሚተን ጤዛ። ብርዱ አለ፣ ግን የሚቻል ብርድ ነው። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ውሃ በባልዲ አድርገው ደጅ ካስቀመጡት እስከ ቀትር ድረስ ለብ ይላል፤ እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ገላዋን የታጠበችው እንደዚያ ነው።

ዕቃዋን ስንጭን ካርቶኑን በጣቷ መታ መታ አደረገችና «ምንድን ነው?» አለች። ነገርኳት። «ዋንዛዬ እያለልኝ?» አለች።

ዋንዛዬ እዚያው ደራ ውስጥ፣ ከጉማራ ወንዝ አጠገብ ያለ ፍል ውሃ ነው። ወገብና ጉልበት የሚያመው፣ ቆዳው የሚያሳክከው ሁሉ ስንቁን ይዞ ሄዶ ቀናት ይሰነብታል። እናቴም በየዓመቱ ትሄዳለች፣ ስትመለስም ለሁለት ወር ያህል ያለ ምርኩዝ ትራመዳለች። መድኃኒቱ ውሃው ይሁን፣ ሙቀቱ ይሁን፣ ከሥራ ማረፏ ይሁን አልመረምርም። ብርድ አገር ላይ ሙቅ ውሃ መፈለግ ግን የቅንጦት ነገር እንዳልሆነ ታሪካችንም ያውቃል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወደ ፍል ውሃ እየወረዱ ባይታጠቡና እዚያው ቤት ይሠራልኝ ባይሉ ኖሮ፣ በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚል ስም የወጣላት ከተማ ዛሬ የት እንደምትሆን ማን ያውቃል? እናቴ ይህን ስነግራት «እሳቸውማ ወደ ውሃው ወረዱ፤ አንተ ግን እኔን ወደ ብርዱ ልታወጣኝ ነው» ብላ አፌን አስያዘችኝ።

ወደ ሐሙሲት ተመልሰን በጉማራ ድልድይ አልፈን፣ የፎገራን የሩዝ ማሳ ግራና ቀኝ እያየን ወረታ ደረስን። እስከዚህ መስኮት ከፍተን ነበር። ከወረታ ወደ ምሥራቅ ታጥፈን ዓለም በርን ስናልፍ እናቴ ጋቢዋን ሳበች፤ ደብረ ታቦር ስንገባ እኔም ጃኬቴን ቆለፍኩ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ስትሆን ደብረ ታቦር 2,700 ገደማ ላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር በወጡ ቁጥር አየሩ ስድስት ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ይባላል። በዚያ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ የቆመው ጉና ተራራ ከጎን አለ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት የሚነፍሰውን የቀመሰ ያውቀዋል።

በማግስቱ እህቴ የቧንቧም የመብራትም ሥራ የሚያውቁ አንድ አዛውንት ጠራች። ካርቶኑን ከፍተው ጀርባው ላይ የተጻፈውን በመነጽር አነበቡ፦ 5,500 ዋት። ከዚያ ቆጣሪውን፣ ከቆጣሪው የሚወጣውን ሽቦ፣ በመጨረሻም ግቢ ውስጥ በአጭር ማማ ላይ የተቀመጠውን ሮቶ አዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ዕቃ መጥፎ አይደለም፤ የዚህ አገር ዕቃ ግን አይደለም» አሉኝ።

ሒሳቡን አብረን ሠራነው። 5,500 ዋት በ220 ቮልት 25 አምፔር ይስባል፤ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ሽቦ ይፈልጋል፣ የእህቴ ቤት ሽቦ ደግሞ ለአምፖልና ለቴሌቪዥን የተዘረጋ ነው። ይሁን፣ ሽቦ ይቀየራል። ውሃውስ? በቴርሞሜትር ስለካው 13 ዲግሪ ነበር። ማሞቂያው ኃይሉን ሁሉ ተጠቅሞ በደቂቃ ሁለት ሊትር ውሃ ብቻ ነው 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ሊያደርግ የሚችለው። ሁለት ሊትር በደቂቃ ማለት ክር የመሰለ ውሃ ነው፤ ውሃው ሲገባ ለብ ባለበት ቆላ ግን ያው ዕቃ እጥፍ ያወርዳል። ምሽት ላይ ሰው ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ ተመልሰው መጥተው ቮልቱን ለኩት፤ 180 ነበር። በ180 ቮልት የማሞቂያው ጉልበት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። ሮቶውም ዝቅ ያለ ነው፤ አሥር ሜትር ከፍታ አንድ ባር ግፊት ይሰጣል፣ ሦስት ሜትር ግን የዚያን ሲሶ ብቻ ስለሚሰጥ እንዲህ ያለው ማሞቂያ ከነጭራሹ ላይነሳ ይችላል።

«ኧርዝስ?» ብለው ጠየቁኝ። ዝም አልኩ። ውሃና መብራት በአንድ ሳጥን ውስጥ በሚገናኙበት ዕቃ ላይ የመሬት ሽቦ ከሌለ እሳቸው እጃቸውን እንደማያስገቡ ነገሩኝ። ይህን ቃላቸውን አያትና ልጅ አብረው በሚኖሩበት ቤት ያላችሁ ሁሉ ስሙልኝ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሶኬቱ ሦስት ቀዳዳ ስላለው ብቻ ኧርዝ ያለ ይመስለናል።

ስለ ሶላርም አወራን። ታኅሣሥ ላይ የደብረ ታቦር ሰማይ ቀኑን ሙሉ ጥርት ያለ ነው፤ አየሩ ቢበርድም ፀሐይዋ ታቃጥላለች፣ ባለ ቱቦው ሶላር ደግሞ በብርድም አይሰንፍም። የራሱ ቤት፣ ጠንካራ ጣራና ከጣራው ከፍ ያለ ሮቶ ላለው ሰው እኔ ብሆን እሱን ነው የምመክረው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ሲከብድ የሚያግዝ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ውስጡ እስካለው ድረስ። እህቴ ግን ተከራይ ናት። የሰው ጣራ ላይ ያን ያህል ገንዘብ አይሰቀልም።

የቀረው ባለ ታንከሩ ቦይለር ነበር። በማግስቱ ባሕር ዳር ወርጄ 50 ሊትር የሚይዝ፣ 1,500 ዋት የሆነ ገዛሁ፤ ትንሹን ማሞቂያ ለአክስቴ ልጅ ቤት እዚያው ተውኩላቸው። 1,500 ዋት ወደ 7 አምፔር ነው፣ ምጣድ ከሚስበው ያነሰ። 50 ሊትር ከ13 ዲግሪ ወደ 60 ለማድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ቮልቱ ሲወርድም ይዘገያል እንጂ ሥራውን አይተውም። ደግሞ ታንከሩ ወፍራም ልብስ ስለለበሰ ማታ መብራት ቢጠፋ ጠዋት ውሃው ሙቅ ሆኖ ይጠብቃል። 60 ዲግሪ የሆነው 50 ሊትር ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚሆን 85 ሊትር ያህል ይወጣዋል፤ በባልዲ ለሚታጠብ ቤተሰብ አራት ባልዲ ማለት ነው።

ቤቱ የጭቃ ነው። የሞላ ቦይለር 70 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን በጭቃ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ አዛውንቱ የብረት ማቆሚያ እንዲበየድልን አዘዙ። የአጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ የተሠራባት ጋፋት ከከተማው ጥቂት ራቅ ብላ ስለምትገኝ «መድፍ ያቀለጠ አገር ለቦይለር እግር አያንስም» ብዬ ቀለድኩ። በያጁ አልሳቀም፤ ሲሰማው የመጀመሪያው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

ከቆጣሪው የራሱ ብሬከር ያለው አዲስ መስመር ተዘረጋ። የመዳብ ዘንግ ከመታጠቢያው ውሃ መውረጃ አጠገብ፣ አፈሩ በማይደርቅበት ቦታ ተቀበረ። ውሃው ሙሉ ለሙሉ ሞልቶ ከሙቅ ቧንቧው እስኪወርድ ድረስ መብራት አልተከፈተም፤ ባዶውን የተለኮሰ ቦይለር ውስጡ እንደሚቃጠል ያኔ ነው የተማርኩት። ሲሞቅ ከሥሩ ካለችው ሴፍቲ ቫልቭ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አፍስሷል ብዬ በጨርቅ ላስር ስል አዛውንቱ «ተው!» ብለው ጮኹብኝ። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሰፋው መውጫ ካጣ ታንከሩ ይፈነዳል። ጠብታዋን በቀጭን ቱቦ ወደ መውረጃው መራናት።

የተጨቃጨቅነው ስለ ሙቀቱ ነው። እህቴ 50 ይበቃል አለች፣ አዛውንቱ ጀርም እንዳይራባበት 60 ይሁን አሉ። 60 ዲግሪ ውሃ ግን የሕፃንና የአረጋዊ ቆዳ በሰከንዶች ውስጥ ያቃጥላል፤ እኛ ደግሞ ይህን ሁሉ የደከምነው እንዲያ ያለ ነገር ዳግም እንዳይመጣ ነው። በመጨረሻ 60 ተደርጎ መቀላቀያ ቧንቧ ተገጠመለት፣ የሙቁ እጀታ ትንሹ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ላይ ሆነ። እናቴንም ቀዝቃዛውን አስቀድማ እንድትከፍት፣ ከመግባቷ በፊትም ብሬከሩን እንድታጠፋ አስለመድናት። ብሬከሩን በደስታ ተቀበለች፤ መብራት ማጥፋት ድሮም ትወዳለች።

ሻወሩን ግን እንቢ አለች። «ከላይ የሚወርድ ዝናብ ነው» ብላ በዱካ ላይ ተቀምጣ፣ ከመቀላቀያው በባልዲ እየቀዳች በጣሳ ታፈስሳለች። የመጀመሪያ ቀን ረጅም ጊዜ ቆይታ ፊቷ ቀልቶ ስትወጣ «እህስ?» አልኳት። «ዋንዛዬን አያክልም» አለች፣ ከዚያ ጋቢዋን እየተከናነበች «ቅርብነቱ ግን ደግ ነው» ብላ ጨመረች።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ ሦስት ሳምንት ሳይሞላ እህቴ ደወለች። ጎረቤት አራስ አለች አሉ፤ እናቴ ለሕፃኑ ገላ በየጠዋቱ አንድ ባልዲ እየላከች ነው። ሌላዋ ጎረቤት ደግሞ ወገቧን የሚያማት አማት አሏት። አሁን እህቴ ራሷ ለሥራ ስትነሳ ቀዝቃዛ ነው የሚጠብቃት።

«80 ሊትር አልነበረም?» አለችኝ።