ሦስተኛው በረኛ

የአክስቴ ልጅ ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ከገባ ወዲህ የሚኖረው ኮሎምበስ በምትባል የኦሃዮ ከተማ ነው። በደወለልኝ ቁጥር ሁለት ነገር ያወራኛል፤ ስለ ብርዱና ስለ ኳሱ። ብርዱን እንተወው። ኳሱ ግን መቼም ግራ የሚያጋባ ነው። «ፉትቦል» ይሉታል፤ እግር ግን እምብዛም አይነካውም። ቅርጹ እንቁላል ነው፤ በእጅ ይወረወራል፣ በብብት ታቅፎ ይሮጣል፤ ተጫዋቾቹም የራስ ቁር ደፍተው እንደ ጥንት ጦረኛ ይላተማሉ። ይህም ይሁን። እኔን የገረመኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማውን በሙሉ ቀይ አልብሶ የሚያስወጣው ቡድን የተማሪዎች ቡድን መሆኑ ነው። የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይይዛል። የአክስቴ ልጅ ይህን ሲነግረኝ በልቤ አንድ ሌላ ቁጥር አሰላሁ። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ወደ መተከል ተጭነው የሰፈሩት ሰዎች ከ80 ሺህ ጥቂት ይበልጡ ነበር። እናትና አባቴን ጨምሮ ሁሉም ተጠርተው ቢቀመጡ አንድ የተማሪ ሜዳ አይሞሉም ማለት ነው።

እኔ የፓዌ ልጅ ነኝ። የተወለድኩባት መንደር ስም አልነበራትም፤ ቁጥር እንጂ። አባቴ የወሎ ሰው፣ የግራ ጎረቤታችን የከምባታ፣ የቀኙ የሀዲያ። በልጅነታችን መጫወቻችን የጣና በለስ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደው ብረታ ብረት ነበር። የጣሊያን መንግሥት ገንዘብ ያፈሰሰበት፣ ሳሊኒ የተባለው ኩባንያ የሠራው ያ ሁሉ ሥራ በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ቆመ፤ ሆስፒታሉ ግን ዛሬም አለ። ከዚህ ሁሉ በፊት በአገሩ የነበሩት ጉሙዞች ናቸው። ጫካው ሲመነጠር፣ መንደር በቁጥር ሲተከል የጠየቃቸው አልነበረም። ይህን በልጅነቴ የነገረኝ ሰው የለም፤ ካደግሁ በኋላ አንብቤ የደረስኩበት ነው።

እንግዲህ ስለ ኳስ ነው የምጽፈው። በ2002 ዓ.ም. እዚያው ፓዌ ኮሌጅ ገብቼ ነበር። ኮሌጁ የእግር ኳስ ቡድን ነበረው። እኔ ኳስ ስመታ ከኳሱ ቀድሞ ጫማዬ የሚበር ሰው ስለሆንኩ ደብተር ያዥ አደረጉኝ። ማን አገባ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ ማን ካርድ አየ፤ ይህን ሁሉ በሰማያዊ ደብተር እመዘግባለሁ። ሰኞ ሰኞ ደግሞ ለሚኒ ሚዲያው የግድግዳ ጋዜጣ የጨዋታውን ዘገባ እጽፋለሁ። ከዚያ በኋላ ዲፕሎማ ይዤበታለሁ፤ ጋዜጠኝነቴ ግን የተጀመረው እዚያ ግድግዳ ላይ ነው።

የውድድር ዘመናችን የተከፈተው ኅዳር ላይ፣ ሰሊጥ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው፤ ግማሹ ቡድን አጫጅ ነበርና። ሜዳው ዋልካ ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም እግር ይውጣል። ከጨዋታ በፊት አፈር በባልዲ እያመጣን ስንጥቁን እንደፍናለን። ጨዋታ የሚጀመረው ፀሐይ ስትበርድ፣ ከአሥር ሰዓት በኋላ ነው። ለአሥራ አንድ ተጫዋች ሰባት ጥንድ ታኬታ ነበረን። ከሁለቱ የመሐል ተከላካዮች አንዱ የቀኙን፣ ሌላው የግራውን ተካፍለው የተጫወቱበትን ቀን በደብተሬ መዝግቤዋለሁ፤ ሁለት ለአንድ አሸነፍን። ተመልካቹ በማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ ይጮሃል። ስንሸነፍ የሚሰደበው ግን በአማርኛ ብቻ ነበር፤ ለዳኛው እንዲገባው ይመስለኛል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ሦስት ለዜሮ ተሸነፍን። ከማንዱራ የመጣውን ቡድን አሸነፍን። አይሱዙ ላይ ቆመን ማንቡክ ድረስ ሄደን አቻ ወጣን፤ ከጨዋታው ይልቅ የመንገዱ አቧራ ነው ያደከመን። ጥር ላይ የመጀመሪያው በረኛችን ወባ ጣለው። ሁለተኛው መጋቢት ላይ ጣቱ ተሰበረ። አሠልጣኛችን (የሒሳብ መምህር ነበሩ) ፊታቸውን ወደ ተጠባባቂዎቹ መለሱ፤ የቀረው አንድ ልጅ ነበር።

ከበለስ ወንዝ ማዶ የመጣ የጉሙዝ ልጅ ነው። የእንስሳት ጤና ይማር ነበር። ብዙ አይናገርም፤ ሲናገር ግን ያየውን ብቻ ነው የሚናገረው። የበረኛ ጓንት የሚባል ነገር ስላልነበረን ከግንባታ ሠራተኛ የተለመነ የጨርቅ ጓንት ያጠልቃል። እሱ በረኛ በሆነባቸው አምስት ጨዋታዎች የገባብን ግብ አንድ ነው። ከግልገል በለስ ቡድን ጋር ለፍጻሜ ለማለፍ ስንጫወት ወደ መለያ ምት ደረስንና ሁለት መለሰ። በዚያ ሰኞ «የበለስ ማዶ ግንብ» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ስሙን በትልቁ ጻፍኩ። መጥቶ አነበበውና «ግንብ እኮ አይዘልም» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን የሳቀ አልመሰለኝም።

ፍጻሜው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነበር። ተጋጣሚያችን ከቻግኒ የመጣ ቡድን ነው። ከእረፍት በኋላ የዓመቱ የመጀመሪያ ከባድ ዝናብ ወረደ። ዋልካ ሲረጥብ ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ለማያውቅ ደግሞ፣ እግር ተነቅሎ ጫማ ይቀራል። ሰማንያ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከቀኝ በኩል የመጣች፣ ሕፃን የሚይዛት የምትመስል ኳስ በእጆቹ መሐል ሾልካ፣ በእግሮቹ መሐል አልፋ ገባች። አንድ ለዜሮ።

በዚያ ሌሊት መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ነው የጻፍኩት። ሃያ ዓመቴ ነበር፤ ተናድጄም ነበር፤ ይባስ ብሎ ጥሩ የምጽፍ ይመስለኝ ነበር። ቀስት የለመደ እጅ ኳስ አይዝም የሚል ዐረፍተ ነገር ቀመርኩ። የልጁን ስም አልጠራሁም። በስሙ ፈንታ ደገኛው ጉሙዝን ለማዋረድ የሚጠቀምባትን ያቺን ቃል አስገባሁ። ቃሏን እዚህ አልደግማትም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ሰኞ ጠዋት ግድግዳው ሥር ሰው ተሰበሰበ። ተሳቀ። ዐረፍተ ነገሯን በቃሉ የያዘ ሁሉ በየመኝታ ክፍሉ ይዟት ዞረ። ከመምህራኑም አንብቦ ፈገግ ያለ እንጂ ቅደደው ያለኝ አልነበረም። አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ልናገር፤ በዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ ነበር። የጻፍኩት ነገር በሰው አፍ ሲደገም የሰማሁት ያን ቀን ነው።

እሱም መጣ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ከላይ እስከ ታች አነበበው። አየኝ፤ ምንም አላለም፤ ወደ ክፍል ሄደ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ፈተና ሲጀመር ወንበሩ ባዶ ነበር።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ ግን ረሳሁት፤ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ተማርኩ፣ በየጋዜጣው በጽሑፍ ቁጥር እየተከፈለኝ መኖር ጀመርኩ። እስከ 2007 ድረስ አላስታወስኩትም። በዚያ ዓመት ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ደውሎ የኮሎምበስን ቡድን የውድድር ዘመን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከልኝ።

በእነሱ ጨዋታ ቡድኑ የሚንቀሳቀሰው በአንድ ኳስ አከፋፋይ ነው። እሱ ከሌለ ቤቱ ምሰሶ የለውም። የኦሃዮ ስቴት አንደኛ አከፋፋይ ውድድሩ ሳይጀመር ነሐሴ ላይ ትከሻው ተጎዳ። ሁለተኛው ተተካ፤ ገና በጳጉሜን በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ21 ተሸነፉና የከተማው ሰው ተስፋ ቆረጠ። ልጁ ግን ቡድኑን አንሥቶ ኅዳር ላይ ከጥንት ባላንጣቸው ከሚቺጋን ጋር እስኪገናኙ ድረስ ሁሉንም አሸነፈ። በሚቺጋኑ ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተሰበረ። የቀረው ሦስተኛው ነበር፤ ካርዴል ጆንስ ይባላል፤ በኮሌጅ አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም። በሳምንቱ ዊስኮንሲንን 59 ለ0 አሸነፉ። ታኅሣሥ 23 ቀን አንደኛ የተባለውን አላባማን 42 ለ35፣ ጥር 4 ቀን ኦሪገንን 42 ለ20። ጆንስ በጀመራቸው ሦስት ጨዋታዎች የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኑ።

«ሦስተኛው እኮ ነው! ሦስተኛው!» እያለ የአክስቴ ልጅ ይጮሃል። እኔ ዝም አልኩ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ዘጋው።

በኋላ ስለዚህ ጆንስ የተገኘውን ሁሉ አነበብኩ። በ2005 መስከረም፣ ገና አዲስ ተማሪ ሳለ፣ የመጣነው ኳስ ልንጫወት ከሆነ ክፍል መግባት ምን ያደርግልናል የሚል መልእክት ትዊተር ላይ ጽፎ አገር ምድሩ ስቆበታል። ሦስት ዓመት ሳይሞላ የድል ጀግና ሆኖ እንኳ ያቺ ዐረፍተ ነገር ከስሙ አልተነጠለችም። በ2009 ትምህርቱን ጨርሶ ሲመረቅ ያችኑ ዐረፍተ ነገር ቆቡ ላይ ለጥፎ ታየ። የራሱ ስለሆነች ይችላል። አስቂኝም ትሁን አሳፋሪ፣ የጻፋት እሱ፣ የሚሸከማት እሱ፣ የሚያወልቃትም እሱ ነው። የእኔ በረኛ ተሸክሟት የሄደው ዐረፍተ ነገር ግን የእኔ ነበረች። (በነገራችን ላይ የአሜሪካ ኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸው ገንዘብ እንዲያገኙ የተፈቀደው በ2013 ነው። ስም ዋጋ ያለው ነገር መሆኑን ዘግይተውም ቢሆን አምነዋል።)

በዚያው 2013 ታኅሣሥ ላይ በቡለን ወረዳ በኩጂ በተባለች ቀበሌ ከመቶ በላይ ሰዎች ተገደሉ። ከመተከል የተፈናቀለው ሕዝብ ወደ ቻግኒ ጎረፈ። ያደግሁበት አገር ነውና ጻፍ ተባልኩ። ለዚያ ጽሑፍ ስልኬ ላይ በየማኅበራዊ ገጹ የሚጻፈውን ሳገላብጥ ቃሏን አገኘኋት። በአንዱ ሌሊት ብቻ ስንት ጊዜ እንዳየኋት አልቆጠርኩም። ከወዲያ በኩልም የእኛን ወገን የሚያዋርድ ሌላ ቃል ነበር። ቃል ብቻውን ሰው ገደለ አልልም፤ በነገሩ ውስጥ መሬት አለ፣ ሥልጣን አለ፣ ጠመንጃ አለ። ጽሑፌን አጠናቅቄ ሰጠሁ፤ የጥላቻ ንግግርን የሚያወግዝ አንድ ጥሩ አንቀጽም ነበረው። ስለ ግድግዳው ግን አንዲት መስመር አልጻፍኩም።

በየካቲት 2015 እናቴ ሞተው ለለቅሶ ወደ ፓዌ ወረድኩ። ስመለስ ግልገል በለስ መናኸሪያ መኪና እየጠበቅሁ ሳለ አንድ ሰው «አንተ ጋዜጠኛው!» ብሎ ጠራኝ። ድምፁን አላወቅሁትም፤ እጆቹን ግን አወቅኋቸው። ስለ እናቴ ሲሰማ «ነፍስ ይማር» አለኝ። ሻይ ያዘዘው እሱ ነው። አሶሳ ሄዶ ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ በወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደሆነ፣ ሦስት ልጆች እንዳሉት ነገረኝ።

ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ። ለዓመታት ያዘጋጀሁት ነበርና ረዘመ። ስኳሩን እያማሰለ አዳመጠኝ።

«ቃሉንማ ከዚያ በፊትም እሰማው ነበር» አለ። «ከዚያም በኋላ።»

«ታዲያ ለምን ሄድክ?»

«አባቴ ታሞ ነበር።»

ዝም አልን። እኔ ለካ ሕይወቱን ያበላሸሁት ራሴ ነኝ ብዬ ስኮራም ስፀፀትም ኖሬያለሁ። ሻይውን ጨለጠና «አንድ ነገር ግን አስከፍቶኛል» አለ።

«ምን?»

«ዝናቡን አልጻፍከውም። ሰው ሁሉ የጨዋታውን ነገር ካንተ ነው የሚሰማው። የጨርቅ ጓንት ሲረጥብ ሳሙና ነው። አንተ ደግሞ አይተኸዋል፤ ከግቡ ጀርባ ነበርክ።»

ረዳቱ «ቻግኒ! ቻግኒ!» እያለ ተጣራ። ሒሳቡን ልክፈል ብል እምቢ አለኝ።

ሰማያዊውን ደብተር ከለቅሶው ቤት፣ ከእናቴ ሣጥን ውስጥ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼው ነበር። መኪናው ሲንቀሳቀስ ገለጥኩት። የፍጻሜው ገጽ ላይ ውጤቱ አለ፣ ደቂቃው አለ፣ የዳኛው ስም ሳይቀር አለ። የአየሩ ጠባይ በሚለው መስመር ላይ ምንም አልተጻፈም። መንገዱ እያንገጫገጨኝ ሞላሁት፤ ከባድ ዝናብ፣ ከ52ኛው ደቂቃ ጀምሮ። በረኛው የጨርቅ ጓንት አድርጓል። ስሙንም ጻፍኩ።