ትርፍም ያስፈራል

ባንክ ቤት ገንዘብ ሲከፍልና ሲቀበል የሚውል ሰው የሚፈራው ጉድለትን ብቻ አይደለም፤ ትርፍንም ይፈራል። ማታ በእጅ ያለው ጥሬ ገንዘብ ከመዝገቡ በልጦ ሲገኝ ደስ የሚለው የለም። ከየት መጣ? የማን ነው? ይህ ሳይታወቅ ቀኑ አይዘጋም።

ይህን ፍርሃት ፊዚክስ ውስጥ አገኘዋለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ልማረው የተመኘሁት ፊዚክስን ነበር፤ ምደባው ግን አካውንቲንግ አለኝ። ተማርሁ፣ ተመረቅሁ፣ ተቀጠርሁ። ግጥም የገባው በዚያ ባዶ በቀረው ሥፍራ ነው። ዘንድሮ ለሥራዬ ብዬ የኤክሴል ማክሮ መጻፍ ስለማመድ የድሮው ምኞት ተነሣብኝ፤ ለሪፖርት ያሰብሁትን ቋንቋ ማታ ማታ ለፔንዱለም አዋልሁት።

ወዳጆቼ፣ ማክሮ ለግጥም አፍቃሪ ባዕድ አይደለም። «ፎር» ብሎ ይከፍታል፣ «ኔክስት» ብሎ ይመለሳል፤ በመካከል ያለው ሺህ ጊዜ ይደገማል። አዝማች ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል? በየዙሩ ጊዜ በ0.01 ሰከንድ ይገፋል። በአንድ ሜትር ክር የተንጠለጠለች ጠጠር ናት፤ ደርሳ ለመመለስ 2 ሰከንድ ያህል ይበቃታል። የ18ኛው መቶ ዘመን የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ባቆየው ስልት ሦስት መስመር ይበቃል፦ ጠጠሯ ካለችበት ማዕዘን የፍጥነቷን ለውጥ አስላ፤ ባላት ፍጥነት ማዕዘኗን አራምድ፤ ቀጥሎ ፍጥነቷን ለውጥ።

በ10 ሰከንድ፣ በ1000 ረድፍ ውስጥ፣ የጠጠሯ ኢነርጂ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆነ። ማንም አልገፋትም፤ ዥዋዥዌዋ ግን እየሰፋ ሄደ። ስልቱ ራሱ በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት ይጨምርላታል። ዐምዱን ወደ ታች ሳነብ ያ የማታው ፍርሃት ያዘኝ፤ ከየት መጣ?

መላው የፊዚክስ መምህሩ አላን ክሮመር በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ውስጥ አለ። አንዲት ቃል አይጨመርም፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ቦታ ይለዋወጣሉ። ፍጥነቷ አስቀድሞ ይለወጣል፤ ማዕዘኗ በአዲሱ ፍጥነት ይራመዳል። (ቤት ይመታልኝ ብሎ ስንኝ ሲገለብጥ ለሚያመሽ ሰው ይህ ምንኛ ደስ ያሰኛል!) አሁን ኢነርጂው ጥቂት ከፍ፣ ጥቂት ዝቅ ይልና ወደ ቦታው ይመለሳል። በሳንቲም አይገጥምም፤ ባንክ ቤት ቢሆን አያስኬድም ነበር። ጠጠሯ ግን አታብድም።

ቀጥዬ የአየርን ሰበቃ ላስገባ አስቤያለሁ። ያኔ ኢነርጂው ይጎድላል፤ ወዴት እንደሄደ ግን ይታወቃል።