ለራስ ሲቆርሱ

«ኦጎልቾ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው ሁለት ነገር ያገኛል። አንዱ የአርሲዋ ከተማ፣ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ መቀመጫ ናት። ሌላው በስሟ የተጠራ የዳቦ ስንዴ ዝርያ ነው። ስለ ስንዴው ተመራማሪዎች ብዙ ጽፈዋል፤ ምርቱም፣ በሽታ መቋቋሙም ተለክቶ ተቀምጧል። ስለ ከተማዋ ግን እንግሊዝኛው ውክፔዲያ ላይ ያለው ጥቂት መስመር ነው። ከእናቲቱ ይልቅ ስሟን የወረሰው ልጅ ታውቋል ማለት ይቻላል።

አንድ የኦጎልቾ ልጅ ይህን አይቶ ተቆጨ እንበል። አዲስ አበባ ነግዶ የተሳካለት ነው፤ ለትውልድ ቀዬውም ትምህርት ቤት አሠርቷል። አንድ ምሽት ስልኩን ይዞ ይቀመጥና ገጹን ማስፋት ይጀምራል። ስለ ገበያው ይጽፋል፣ ስለ መንገዱ ይጽፋል። ከዚያ «ታዋቂ ተወላጆች» የሚል ንዑስ ርዕስ ይከፍትና የራሱን ስም ያስገባል። እጁ ከሞቀ በኋላ በስሙ ሙሉ ገጽ ያወጣል፤ «ታዋቂ ባለሀብትና በጎ አድራጊ» ብሎ። የጻፈው አንድም ውሸት የለበትም። ትምህርት ቤቱ ቆሞ ይታያል። ታዲያ ጥፋቱ ምኑ ላይ ነው?

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱም» የሚለው ተረት ቆራሹን ሌባ አላለውም። እጅ ሳይታወቀው ወደ ትልቁ ቁራሽ ይሄዳል ነው ያለው። ስለ ራሱ የሚጽፍ ሰው የተሸለመበትን ቀን እስከ ሰዓቱ ያስታውሳል፤ ፍርድ ቤት የተረታበትን ጉዳይ ግን «ጥቃቅን ነገር» ብሎ ይዘለዋል። አውቆ አይደለም። ለእሱ በእርግጥ ጥቃቅን ነው።

ከዚህ የውክፔዲያው ሰው ራሱ አላመለጠም። እ.ኤ.አ. በ2005 ጂሚ ዌልስ ስለ እሱ የተጻፈውን ገጽ ደጋግሞ ሲያርም ታየ። ከነካካቸው ነገሮች አንዱ ላሪ ሳንገር የውክፔዲያ ተባባሪ መሥራች መሆኑን የሚገልጸው ክፍል ነበር። ስህተት እያረምኩ ነው ባይ ነበር፤ ኋላ ግን ማድረግ እንዳልነበረበት አምኗል። የታወቀበትም ገጹ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ የሚመዘግብ የለውጥ ታሪክ ስላለው ነው።

በእኛ አገር ነገሩ ከኮምፒዩተር ይቀድማል። ዜና መዋዕል ጸሐፊው ከሚጽፍለት ንጉሥ ማዕድ ይበላ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1909 ሮም ያሳተሙትን የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ያነበበ ውዳሴው እንዴት እንደሚንዠቀዠቅ ያውቃል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1912 በታተመው «አጤ ምኒልክና ኢትዮጵያ» ታሪክ ጸሐፊ የማያዳላ ልብ ሊኖረው ይገባል ብለው ይህንኑ ዓይነት አጻጻፍ ነቅፈዋል። መቶ ዓመት ያለፈው ሙግት ዛሬ ስልክ ላይ ተመለሰ እንጂ አዲስ አይደለም።

አንድ ልዩነት ግን አለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ብለው ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ማንም አልተታለለም። ሽፋኑ ላይ ስማቸው አለ። አንባቢው ማን እያወራው እንደሆነ ያውቃል፤ የሚቀንሰውን ቀንሶ ያነባል። ኢንሳይክሎፒዲያ ግን ስም የሌለው ድምፅ ነው። «ታዋቂ» ሲል አገር የተስማማበት ይመስላል። ነጋዴው ይህንኑ ቃል በፌስቡክ ገጹ ቢለጥፈው ጉራ ይባልና ይታለፋል፤ እዚያ ሲጽፈው ግን በሰው አፍ ነው የተናገረው። ለወንድሙ ልጅ ሰጥቶ ቢያስጽፈውም ያው ነው። ገንዘብ ከፍሎ ካስጻፈማ ጸሐፊው ማን እንደከፈለው እንዲገልጽ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የአጠቃቀም ደንቡ ያስገድደዋል።

የአርሲ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ የለበትም። የአሰላው ልጅ ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2008 በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:03:59 ሲጨርስ ሰዓቱን የያዘው ኃይሌ አልነበረም።

ወደ ስንዴውም እንመለስ። «ኦጎልቾ» የተባለውን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው አሰላ አጠገብ ያለው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ነው። ተመራማሪው ለዓመታት ሲያዳቅል፣ ሲመርጥ፣ ሲለካ ኖሯል፤ ዘሩን ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም። ቢሆንም «ይሄ ዘር ደርሷል፣ ለገበሬ ይሰጥ» ብሎ የሚፈርደው እሱ አይደለም። ዕጩው ዝርያ ቀድሞ ከተለቀቁት ጎን በምርምር ጣቢያና በገበሬ ማሳ ላይ ይዘራል። ገምጋሚ ኮሚቴ ማሳው ድረስ መጥቶ ያያል፤ ውሳኔውን የሚሰጠው ብሔራዊው የዝርያ አጽዳቂ ኮሚቴ ነው። ተመራማሪው መረጃውን ያቀርባል፣ ይጠየቃል፣ ያስረዳል። በዚህ የተሰደበ መስሎት የሚያኮርፍ ተመራማሪ ቢኖር ሥራውን አልገባውም ማለት ነው።

ዝርያው ከጸደቀ በኋላም መዝገቡ አይዘጋም። «ዲገሉ» የሚባለው የቁሉምሳ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲለቀቅ ዋግ የሚቋቋም ነበር። በ2010 ቢጫ ዋግ «ኩብሳ»ን ሲመታው ገበሬው ወደ ዲገሉ ዞረ። በ2013 መጨረሻ ግን በባሌና በአርሲ አዲስ የግንድ ዋግ ዘር ተነሳና ዲገሉን ከማሳው ጠረገው፤ ምርቱ ሙሉ በሙሉ የጠፋበት ገበሬ ነበር። ስለ ዲገሉ የሚጽፈው ወላጁ ብቻ ቢሆን ኖሮ «በሽታ ይቋቋማል» የምትለዋ መስመር ስንት ዓመት ትቆይ ነበር? የገበሬው እርሻ የሚድነው የሌላ ሰው ዓይን መዝገቡ ውስጥ ሲገባ ነው።

ይህ ሁሉ ልክ ሆኖ ሳለ የኦጎልቾው ልጅ የሚመልሰው አለው፤ መልሱም ቀላል አይደለም። እሱ ካልጻፈው ማን ይጽፈዋል? ደንቡ «ከአንተ ነፃ የሆነ የታተመ ምንጭ አምጣ» ይላል። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ ስለ ገዛ ልብ ወለዱ ውክፔዲያ ላይ የተጻፈው ስህተት ነው ቢል ሌላ ምንጭ ካልተጨመረ አይበቃም ተባለ። ሮዝ ታዲያ ኒው ዮርከር መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ አወጣ፤ ደብዳቤው ምንጭ ሆነና ገጹ ተስተካከለ። የኦጎልቾ ልጅ ግን የሚጽፍበት ኒው ዮርከር የለውም። የወረዳው ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት ያወጣው ዜና ሪባን ከመቁረጥ አያልፍም። የአዲስ አበባው ጋዜጠኛ ደግሞ መንገድ ወጥቶ ከመጠየቅ ይልቅ ከዚያው ገጽ ይቀዳል፤ ኤፍ ኤሙ ያነበዋል፤ በሳምንቱ ገጹ ኤፍ ኤሙን ምንጭ አድርጎ ይጠቅሳል። ነጋዴው ስለ ራሱ የጻፈው ዞሮ «የተረጋገጠ» ሆነ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የነጋዴው ብቻ አይደለም። በሙያው እንጀራ የሚበላው ሰው ነው ሥራውን ያልሠራው።

ስም የሚያጠፋ ውሸት ተጽፎበት ከሆነ ማንም ሰው ዝም ብሎ ይይ አይባልም። ጆን ሲገንታለር የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ2005 በኬኔዲ ግድያ ተጠርጥሮ ነበር የሚል ፈጠራ ገጹ ላይ ከአራት ወር በላይ ቆይቶበታል። እንዲህ ያለውን ባለቤቱ ቢሰርዘው ደንቡ ራሱ አይቃወምም። ማጥፋትና ራስን ማወደስ ግን ለየቅል ናቸው።

ለነጋዴው የሚቀረው መንገድ ጠባብ ነው፤ ግን አለ። ከገጹ ጋር «ውይይት» የሚባል ገጽ ተያይዟል። እዚያ ገብቶ «ጉዳዩ የራሴ ነው፤ ትምህርት ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ የተጻፈው ዓመት ተሳስቷል፤ ማስረጃው ይኸውና» ብሎ ያስቀምጣል። ከዚያ ሌላ ሰው አይቶ እስኪወስን መጠበቅ ነው። ወር ሊቆይ ይችላል፤ ዓመትም ሊቆይ ይችላል። እስከዚያው የኦጎልቾ ገጽ ክፍት ነው፤ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ታትሟል፣ የቁሉምሳ ጥናቶችም አሉ። የራሱን ስም ሳያነሳ ከዚያ እየጠቀሰ ሊጽፍበት ይችላል።