አባይን ያየ ምንጭ ሲያመሰግን

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ አባይ ሲወራ ዝም ማለት አይሆንለትም። እኔም አልሆነልኝም። ካምፓላ በበጎ ፈቃድ አስተማሪነት ከመጣሁ ስምንተኛ ወሬ ነበር። አንድ ሐሙስ ማታ በጎ ፈቃደኞቹ በምንኖርበት ቤት በረንዳ ላይ ሻይ ስንጠጣ «ናይል የኛ ነው፤ የሚነሳው ከኛ ጓሮ ነው» አልኩ። ኬንያዊው ነርስ ስኒውን አስቀምጦ በእርጋታ አየኝ። «ከዚህ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ላይም ይነሳል። ነገ ልውሰድሽ?»

አርብ ከሥራ ስንወጣ አምስት ሆንን፦ እሱ፣ አንዲት ጃፓናዊት የሳይንስ አስተማሪ፣ ጀርመናዊ የግብርና ባለሙያ፣ ኮምፒውተር የሚያስተምረው የአርባ ምንጭ ልጅና እኔ። የካምፓላ ታክሲ ሰማያዊ ዳማ የተቀባ ነጭ ሚኒባስ ነው። እስኪሞላ አይንቀሳቀስም፤ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ጂንጃ፣ ጂንጃ!» እያለ ይጣራል። ዓይኔን ብጨፍን መርካቶ ነኝ። ጣሪያው ላይ የሚያንዣብቡት አባ ኮዳዎች ብቻ ናቸው ካምፓላ መሆኔን የሚነግሩኝ።

ከሙኮኖ አለፍ ብሎ ናማዎጆሎ የሚባል ገበያ አለ። ታክሲው ገና ሳይቆም ቁጥር የተጻፈበት ጋውን የለበሱ ሻጮች ከበቡን፤ በእንጨት የተሰካ የዶሮ ጥብስ፣ ቀዝቃዛ ውሃ፣ «ጎንጃ» የሚሉት በከሰል የተጠበሰ ጣፋጭ ሙዝ በመስኮቱ ገባ። ያን ሙዝ ትኩሱን የበላሁበትን ደቂቃ እስካሁን አስታውሳለሁ። ከዚያ የሸንኮራ አገዳው ማሳ መጣ፣ ቀጥሎ ሻዩ፣ ከዚያ በድንገት ቀኑ የጨለመ መሰለን፤ ማቢራ ጫካ ገብተን ነበር። በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የዚህን ጫካ አንድ ክፍል ለሸንኮራ እርሻ ለመስጠት ሲታሰብ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ተቃውሟል፤ በሰልፉም ሰው ሞቷል። ዛፎቹ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ሳያቸው ኮፍያዬን ማውለቅ አማረኝ።

ጀንበር ስትጠልቅ ድልድዩ ጋ ደረስን። በ2018 የተከፈተ፣ 525 ሜትር የሚረዝም፣ ከምሰሶዎቹ እንደ በገና አውታር ገመድ የተወጠረለት ድልድይ ነው። ኬንያዊው ወደ ታች አመለከተኝና «ናይል» አለ። ሰፊ፣ ጥቁር አረንጓዴ፣ ድምፅ የሌለው ውሃ። የምመልሰው ነገር አጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት የራስ ቁርና ላይፍ ጃኬት ተሰጠን። የጎማ ጀልባው ስምንት ሰው ይይዛል፤ መሪያችን እዚያው ወንዝ ዳር ያደገ ሙሶጋ ወጣት ነው። «ቅዘፉ» ሲል እንቀዝፋለን፣ «ዝቅ» ሲል ገመዱን ይዘን ወለሉ ላይ እንቀመጣለን። የአርባ ምንጩ ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረው። «ወንድሜ፣ አዞ አለ?» የጫሞን አዞ እያየ ላደገ ሰው ተገቢ ጥያቄ ነው። መሪው አዞ የሚናገር ውሃ አይወድም አለው። ይህን አባባል በጣም ወደድኩት፤ የሚናገር ውሃ።

መጀመሪያ ግን ዝም ያለው ውሃ ላይ ነበርን። ከበላያችን የቡጃጋሊ ግድብ ይታያል። ከ2012 ጀምሮ 250 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ሲሆን የቡጃጋሊን ፏፏቴዎች ግን ከሥሩ አስቀርቷቸዋል። የመሪያችን ወገኖች ባሶጋዎች መንፈስ ያድርባቸዋል ብለው ያከብሯቸው የነበሩ ፏፏቴዎች ናቸው። መሪያችን ይህን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ። እኔ ሀገሬ ከአባይ መብራት እንድታገኝ አጥብቄ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ በሻማ ያጠናሁበትን ሌሊት አልረሳም። ግን የጢስ እሳትም ልጅ ነኝ። ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ሲዞር ጢሱ የሚሳሳበትን ቀን አይቻለሁ፤ ሲሳሳ ደግሞ እናቴ ከገደሉ አፍ ቆማ «ምነው ከሳህ?» ስትለው ሰምቻለሁ። ስለዚህ ያ ወጣት ምን እንደተሰማው አውቃለሁ። ሁለቱንም ስሜት ይዤ ቀዘፍኩ።

ሦስተኛው ፏፏቴ ላይ ተገለበጥን። ከፊታችን ያለው ማዕበል እንደ ግድግዳ ቆመ፤ ጀልባዋ ወጣች፣ ወጣች፣ ጫፉ ላይ ቆም አለች፣ ከዚያ ሰማዩ ከእግሬ በታች ሆነ። ውሃው ሞቃት ነበር፤ ይህን በግልጽ አስታውሳለሁ። አረንጓዴ ብርሃን፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ምንም። ወደ ላይ የቱ እንደሆነ ጠፋኝ። መሪያችን «አትታገሉት፤ ጃኬቱ ያወጣችኋል» ብሎን ነበር፤ እጄን ደረቴ ላይ አጣጥፌ ጠበቅኩ። ስወጣ የመጀመሪያው የሰማሁት ድምፅ አማርኛ ነበር። «እህቴ! አለሽ ወይ? እህቴ!» የአርባ ምንጩ ልጅ ነው፣ መቅዘፊያውን አንቆ ይዞ። «አለሁ!» አልኩት። በሕይወቴ ያን ቃል ያን ያህል ከልቤ ብዬው አላውቅም። ጃፓናዊቷ ከተገለበጠችው ጀልባ ሆድ ላይ ተቀምጣ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር፤ ጀርመናዊውን የካያክ ቀዛፊ ጎትቶ አመጣው።

ከዚያ ወዲያ ለረጅም ጊዜ ውሃው ለሽ አለ። መሪያችን ግቡና ተንሳፈፉ አለን። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጆሮዬ ውሃ ውስጥ፣ ዓሣ አዳኙ ንስር ነጭ ራሱን አዘንብሎ ሲያየኝ፣ ወንዙ ያለ ጥያቄ ተሸከመኝ። አባይ እንዲህ አይሸከምም። የኛው ክረምት ሲገባ አፈር ጠግቦ፣ ደፍርሶ፣ ዛፍ ነቅሎ ይሄዳል፤ በጋ ሲሆን ይቀጥናል። ይህኛው ትልቅ ሐይቅ ከጀርባው ስላለው ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ነው። ግብፅ ከሚደርሰው ውሃ 85 በመቶ ያህሉ ከኛ ተራሮች በአባይ፣ በባሮና በተከዜ የሚወርድ መሆኑን ትምህርት ቤት ተምሬ በኩራት ስናገረው ኖሬያለሁ። የኛው ሲቀጥን ወንዙ እንዳይደርቅ በትዕግሥት የሚያደርሰው ይህ ነጭ አባይ መሆኑን ግን ያወቅኩት ጀርባዬ ላይ ተኝቼ ነው።

የኢታንዳን ፏፏቴ ግን በጀልባ አላለፍነውም። በዓለቱ ዳር በእግር ዞርነው። ውሃው ራሱን ሲቀጠቅጥ እያየን ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ማታ ጂንጃ ዋናው ጎዳና ላይ፣ የግንባታ ዓመታቸው ፊታቸው ላይ በተቀረጸባቸው የድሮ የህንድ ነጋዴዎች ቤቶች መካከል ሮሌክስ በላን፤ እንቁላል በቻፓቲ ተጠቅልሎ ነው። ኢዲ አሚን በ1972 ካባረራቸው ህንዶች የተወሰኑት ከዓመታት በኋላ ተመልሰዋል። ከጎናችን የተጠበሰው አሳ ቆሮሶ ነበር። ጣና ዳር በሎሚ የምበላው ያው አሳ! ለሻጯ «እኛም ጋ አለ» ስላት ትልቁን መርጣ ሰጠችኝ።

እሑድ ማለዳ ወደ ወንዙ መነሻ ሄድን። ጀልባ ነጂው ሽበት የወረሳቸው ሰው ነበሩ። እዚያ እንደሚባለው «ምዜ» አልኳቸው፤ በኛ ቢሆን አባባ ነበር የምላቸው። ሞተሩን ሐይቁ ከሚያልቅበትና ወንዙ ከሚጀምርበት ቦታ አጠፉት። ውሃው ከታች እየተፍለቀለቀ ትናንሽ ክብ ይሠራል። ያ ብቻ ነው። እንግሊዛዊው ስፒክ በሐምሌ 1862 መጥቶ ሪፖን ፏፏቴ ብሎ የሰየመው ዓለት የኦወን ግድብ በ1954 ሲያልቅ ሰጥሟል። የአካባቢው ሰው ቦታውን ድንጋዮቹ ይለው ነበር፤ ጂንጃ ማለትም ድንጋይ ማለት ነው። የጋንዲ አመድ የተወሰነው በ1948 እዚህ ተበትኗል፤ ሐውልታቸው ዳር ላይ ቆሟል።

«ስፒክ አገኘው ይላሉ፤ የአያቴ አባት ግን እዚህ አሳ ያጠምድ ነበር» አሉ ምዜ። ደስ አለኝ። ተጓዡ ብሩስም በ1770 ግሽ አባይ ሲደርስ ሰው ከዚያ ምንጭ ጠበል ይጠጣ እንደነበረ ነገርኳቸው። አባይም ከጣና ሲወጣ እንዲሁ በዝምታ እንደሚወጣ፣ ታንኳ የያዘ ልጅ እንኳ ሐይቁን ትቶ ወንዝ መግባቱን ልብ እንደማይል አወራኋቸው። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚለውን ተረታችንን ለማስረዳት ስሞክር ጎሮሮዬ ተዘጋ። እኔ አባይን አይቻለሁ። አይቼም ይህን ምንጭ ማመስገን አላቃተኝም።

«የእናንተው ስሙ ማን ነው?» አሉኝ።

«አባይ።»

«አባይ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «የኛው ኪይራ ነው።»

«ኪይራ» አልኩ። እጄን ውሃው ውስጥ አስገባሁ። ሞተሩን ሳያስነሱ፣ ወንዙ በራሱ ወደ ሰሜን እስኪገፋን ድረስ ዝም ብለው ጠበቁኝ።